ልጆች በውድድር ላይ ሳሉ ፎቶ ማንሳት፦ የድሬዳዋ ሜዳዎች ያስተማሩኝ

በድሬዳዋ የትምህርት ቤቶችና የታዳጊ ቡድኖች ውድድር ሲኖር ካሜራ ይዤ መሄድ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። መተዳደሪያዬ የሠርግና የምርቃት ፎቶ ነው፤ በዚያ ሥራ ሰው ልብሱን አስተካክሎ፣ ወደ ሌንሱ እያየ ነው የሚነሳው። ልጆች በሚሮጡበት ሜዳ ላይ የምፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ልጁ ካሜራ መኖሩን ረስቶ ልቡ ውድድሩ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ማንሳት የሚፈልጉ ወላጆች፣ መምህራንና ጀማሪ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ከልጆቹ ዓይን እንዴት መሰወር እንደሚቻል ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። በግልጽ ቀርቦ፣ ማንነትን አስታውቆ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከዚያም ልጆቹ እስኪሰለቹን ድረስ አብሯቸው መቆየት ከማንኛውም መደበቂያ የተሻለ ፎቶ ይሰጣል።

ከሩቅ ተሸሽጎ ማንሳትን የምቃወመው በመጀመሪያ ለልጆቹና ለቤተሰባቸው ካለኝ አክብሮት የተነሳ ነው። የማይታወቅ ሰው ከአጥር ጀርባ ሆኖ ትልቅ ሌንስ ወደ ልጆች ሲደግን ያየ ወላጅ ቢቆጣ እውነት አለው። ከዚህ ሌላ የሙያም ምክንያት አለ። በድሬዳዋ ሙቀት ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር ስለሚርገበገብ፣ ከሜዳው ማዶ በረጅም ሌንስ የተነሳ ፊት ፎከሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል፤ ይህንን ውድ ሌንስ አያስተካክለውም፤ የሚያስተካክለው ቀረብ ማለት ብቻ ነው። ቀረብ ለማለት ደግሞ መታወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ውድድሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት እደርሳለሁ። መጀመሪያ አዘጋጁን፣ ቀጥሎ የየቡድኑን አሰልጣኝ ወይም የስፖርት መምህር አነጋግራለሁ፤ ፎቶው ለምን እንደሚፈለግ፣ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና የት እንደሚወጣ እነግራቸዋለሁ። በከተማችን አንድ ቡድን ውስጥ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች አብረው ስለሚጫወቱ፣ መልእክቱ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲደርስ መምህሩን እለምናለሁ። ከዚያ ጥላ ሥር ወደተቀመጡት ወላጆች እሄዳለሁ። አንዲት እናት፣ «እናቴ፣ የልጅዎን ፎቶ ባነሳ ይፈቅዱልኛል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ማንሳቱንስ አንሺ ልጄ፤ ፌስቡክ ላይ ግን እንዳላየው» አሉኝ። እንዲህ ያለ መልስ ለማስታወስ የልጁን ማልያ ቁጥርና ቀለም በትንሽ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ማታ ፎቶ ስመርጥ ያ ደብተር ከካሜራው እኩል ያገለግለኛል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ በአደባባይ ከተፈጸሙ ወይም ሕዝብን ከሚመለከቱ ሁኔታዎች ጋር ተያይዘው የተነሱ ምስሎችን ከዚህ ግዴታ ውጭ ያደርጋል። የስፖርት ውድድር በአደባባይ የሚካሄድ ስለሆነ አንዳንድ ባልደረቦቼ ሁለተኛውን አንቀጽ ብቻ ይዘው ጉዳዩ ያለቀ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 16 የሕፃኑን የግል ሕይወትና ክብር ይጠብቃል፤ አንድ ልጅ ሜዳ ላይ ስለተገኘ ብቻ ምስሉ የማንም መጫወቻ ይሁን ማለት አይደለም። ደግሞም ፈቃድ መጠየቅ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያስገኘው እምነት ግን ቀኑን ሙሉ በነፃነት ያሠራል።

ካሜራ ሲታይ የሚመጣው የመጀመሪያ ግርግር የታወቀ ነው። ልጆቹ ይከቡኛል፤ «እኔን አንሺኝ! እኔን አንሺኝ!» ይላሉ፤ ጣቶቻቸውን ያወጣሉ፣ ደረታቸውን ይነፋሉ፣ የሚያደንቁትን ተጫዋች ጎል ሲያገባ የሚያሳየውን ምልክት ያሳያሉ። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ይበሳጩና ልጆቹን ያባርራሉ፤ የተባረረ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከካሜራው ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል። የሚሻለው ሁሉንም እንደጠየቁት ማንሳት፣ ምስሉን በስክሪኑ ላይ ማሳየት፣ ስማቸውን መጠየቅና ስቆ መሸኘት ነው። እነዚህ ፎቶዎች በራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ ልጁ ራሱ የፈለገው መልኩ ስለሆነ በኋላ ከሁሉም አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ፍላጎታቸው ከረካ በኋላ አንድ ቦታ መርጬ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ምንም ሳላነሳ ጨዋታቸውን እመለከታለሁ። ከቦታ ቦታ የሚሯሯጥ ሰው ዓይን ይስባል፤ ተቀምጦ የሚቆይ ሰው ግን ቀስ በቀስ የሜዳው አካል ይሆናል። ፍላሽ አልጠቀምም፤ ካሜራው ድምፅ የሌለው ሹተር (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው የብርሃን በር) ካለው እሱን እከፍታለሁ። ውድድሩ ሲሞቅ ወደ እኔ የሚያይ ልጅ አይኖርም።

ስለ ብርሃኑ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም በሌላ አገር ላሉ ሰዎች የተዘጋጁ የኢንተርኔት ትምህርቶች ለድሬዳዋ ፀሐይ ብዙም አያገለግሉም። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ትገኛለች። በዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ በቀትር ከአናታችን በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ በሌላውም ጊዜ ቢሆን ቀትር ላይ ከፍ እንዳለች ናት። እንዲህ ያለ ብርሃን ግንባርንና አፍንጫን ያበራና ዓይንን በጥቁር ጥላ ይሸፍናል። ዓይኑ የማይታይ ልጅ ምን እንደተሰማው ማወቅ ስለማይቻል፣ ዋናውን ሥራዬን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ለመጨረስ እሞክራለሁ። ደግነቱ በሙቀቱ ምክንያት የልጆች ውድድር በማለዳ እንዲጀመር ስለሚደረግ የልጆቹ ምቾትና የእኔ ፍላጎት ይገጣጠማሉ። ከሰዓት በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ያምራል፤ በተለይ ፀሐይ ከልጆቹ ጀርባ ስትሆን የሚነሳው አቧራ ወርቃማ ሆኖ ይታያል። ሐረር ወጥቶ የሚሠራ ሰው ቅዝቃዜው ስለሚያግዘው እስከ ረፋድ የሚዘልቅ ውድድር ሊያጋጥመው ይችላል፤ የፀሐይዋ አቅጣጫ ግን እዚያም ያው ነው።

ሌላው ጉዳይ የመሬቱ ቀለም ነው። ሜዳዎቻችን አብዛኞቹ አሸዋማና ነጣ ያሉ ናቸው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ስለሆነ፣ የሚያንጸባርቅ መሬት ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ውጤቱም ጥርት ያለ አሸዋና የጠቆረ የልጅ ፊት ይሆናል። ጠይምና ጥቁር የቆዳ ቀለም ያላቸው ልጆች በዚህ ይበልጥ ይጎዳሉ። እኔ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን፣ ማለትም ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጠቁረውን፣ ከዜሮ ወደ 0.7 ወይም ወደ 1 ከፍ አድርጌ ነው የምጀምረው፤ መሬቱ ትንሽ ቢነጣ ግድ የለኝም፤ የልጁ ፊት ግን ከነወዙ መታየት አለበት። ይኸው ነጭ መሬት ሌላ ጥቅምም አለው፤ ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልስ ጎንበስ ያለን ልጅ ፊት ከታች ያበራዋል። በኒም ዛፎች ሥር ሲነሱ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቅጠሎቹ መሐል የሚሾልከው ፀሐይ ፊት ላይ ነጠብጣብ ስለሚጥል፣ ከዛፍ ይልቅ የግድግዳ ወይም የጣሪያ ጥላ ይሻላል።

ስለ ካሜራው አሠራር በአጭሩ ላንሳ። ለሩጫና ለኳስ የሹተር ፍጥነቱን 1/1000ኛ ሰከንድ ላይ አደርጋለሁ፤ ልጆቹ ተቀምጠው ሲጠባበቁ 1/250ኛ ይበቃል። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 4 አካባቢ አድርጌ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ለካሜራው እተዋለሁ። ፎከሱ የሚንቀሳቀስን ነገር እንዲከተል በካኖን ኤአይ ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤኤፍ ሲ የሚባለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ላለው ሰው ምቹ ነው፤ የሌለው ሰው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀረብ ብሎ ግሩም ሥራ ይሠራል። ስልክ የያዘ ወላጅም ተስፋ አይቁረጥ። ምስሉን በጣት አስፍቶ ማጉላት አብዛኛውን ጊዜ ጥራቱን ብቻ ስለሚቀንስ ከዚያ ይልቅ በእግር መቅረብ ይሻላል፤ የልጁን ፊት በጣት ነክቶና ተጭኖ በመቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ማሰር፣ ከዚያም በተከታታይ የሚያነሳውን ዘዴ መጠቀም ይቻላል። ሁላችንንም የሚመለከተው አንድ ነገር ግን ጉልበት መሬት መንካቱ ነው። ቆሞ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ልጅ ትንሽና ጭንቅላቱ ብቻ የጎላ ሆኖ ይወጣል፤ በዓይኑ ቁመት ልክ ሲነሳ ግን በራሱ ዓለም ውስጥ ያለ ሰው መሆኑ ይታያል።

የት መቀመጥ እንዳለብን የሚወስነው የውድድሩ ዓይነት ነው፤ ለዚህም ጨዋታውን ማወቅ የግድ ነው። በአጭር ርቀት ሩጫ ከመድረሻው መስመር ባሻገር ጥቂት ወደ ጎን እሆናለሁ፤ ልጆች መስመሩን ካለፉ በኋላም ቶሎ ስለማይቆሙ መንገዳቸው ላይ መቀመጥ ለእነሱም ለእኔም አደጋ ነው። በርዝመት ዝላይ ከአሸዋው ፊት ለፊት መሆን ጥሩ ነው፤ ልጁ አየር ላይ ሳለ ዓይኖቹ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚፈልጉ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል። በዱላ ቅብብል ከሚሰጠው ይልቅ የሚቀበለውን ልጅ ነው የምከተለው፤ እጁን ወደኋላ ዘርግቶ የሚጠብቅበት ያቺ ቅጽበት ጭንቀቱንና ጉጉቱን አንድ ላይ ታሳያለች። በገመድ ጉተታ ከፊት ካሉት ይልቅ መሐል ያሉት ልጆች ፊት ይበልጥ ይናገራል። በእግር ኳስ ደግሞ ሁሉም ሰው ኳሱን ሲከተል እኔ ግብ ጠባቂውን አያለሁ፤ ኳሱ ሩቅ ሳለ ብቻውን የሚያወራውን፣ ጓደኞቹን የሚያዝዘውን፣ ጎል ሲገባበት ደግሞ መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚመለከት።

ከሁሉም በላይ የምወዳቸው ፎቶዎች ግን ከጨዋታው ውጭ የሚገኙ ናቸው። ሰው ሁሉ አሸናፊው መስመር ሲያልፍ ለማንሳት ይሽቀዳደማል፤ ያ ፎቶ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ነው። ልጆቹን ልጆች የሚያደርጋቸው ነገር የሚታየው በኖራ የተሰመረው መስመር ገና ሳይረገጥና ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። ታላቅ እህት የታናሽ ወንድሟን የጫማ ክር ስታስር፣ ሮጦ የጨረሰ ልጅ ጫማውን አውልቆ ቀጥሎ ለሚሮጠው ጓደኛው ሲሰጥ፣ ተቀያሪ ተብሎ የተቀመጠው ልጅ የአሰልጣኙን ፊት ደጋግሞ ሲያይ፣ በአንድ ላስቲክ ውኃ ላይ ብዙ እጆች ሲዘረጉ፣ ሴት አያት ከጥላው ወጥተው በነጠላቸው ጫፍ የልጅ ላብ ሲጠርጉ፣ እነዚህን ሁሉ የሚያየው ዞር ብሎ የሚመለከት ሰው ብቻ ነው። የመነሻው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ያለው ጸጥታም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ አጠገቡ ያለውን በክርኑ ይገፋል፣ አንዱ እናቱን በዓይኑ ይፈልጋል። ሥራዬን የምጀምረው ከፊሽካው በፊት ነው፤ ከውጤቱ በኋላም ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ካሜራውን ወደ ቦርሳው አልመልስም።

የማላነሳው፣ ባነሳም የማጠፋው አለ። ልጅ ወድቆ ከተጎዳ ካሜራውን አውርጄ እርዳታ እጠራለሁ። በሩጫ ወይም በዝላይ ጊዜ የልጅ ልብስ ተገልጦ ወይም የሴት ልጅ ሻሽ ወልቆ የተያዘ ምስል ካለ፣ የቱንም ያህል ፎከሱ የተዋጣለት ቢሆን እዚያው ሜዳው ላይ አጠፋዋለሁ። የሚያለቅስ ልጅ ጉዳይ ከባድ ነው። ሽንፈት የውድድሩ እውነተኛ ክፍል ስለሆነ እንባን ሁሉ መሸሽ አይገባም እላለሁ፤ ነገር ግን ቀርቤ ሌንስ አልደቅንበትም፤ ጓደኛው ወይም አሰልጣኙ መጥቶ ሲያቅፈው ከነበርኩበት ሳልንቀሳቀስ አነሳለሁ፤ ያም ለቤተሰቡ ይደርሳል እንጂ አደባባይ አይወጣም። የተቀደደ ጫማን ወይም ባዶ እግርን ለብቻው አጉልቶ ማንሳትንም አልወደውም። ያ ልጅ የመጣው ለመወዳደር ነው፤ ድህነቱን ለማሳየት አይደለም። በባዶ እግሩ ሮጦ ከሆነ ሙሉ ሰውነቱ፣ ፍጥነቱና ፊቱ አብረው ይታዩ።

ለመሣሪያው የአቧራና የሙቀት ነገር ዋና ጠላት ነው። ሜዳ ላይ ሌንስ አልቀይርም፤ ግድ ከሆነ ክፍል ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ገብቼ ነው። ብርጭቆው ላይ አቧራ ሲያርፍ በልብስ መጥረግ አሸዋውን በብርጭቆው ላይ መፈግፈግ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በትንሿ የጎማ መንፊያ አራግፌ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ አጸዳለሁ። ስልክም ሆነ ካሜራ ፀሐይ ላይ መተው ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ማቆየት አይገባም፤ ስልክ ሲግል ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ አልፎም ራሱን ይዘጋል። በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚጫወቱ ልጆችን ለማንሳት የሚወርድ ሰው ደግሞ በክረምት ወራት ዓይኑን ከተራሮቹ ላይ አይንቀል። ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደብንን ሌሊት የድሬ ሰው አይረሳም። ደመና በተራራው ላይ ካየሁ ፎቶውን ትቼ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ።

ማታ ፎቶዎቹን ስመርጥ ደብተሬን አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ቤተሰቡ እንዳይወጣ የጠየቀበት ልጅ በሌላ ልጅ ፎቶ ጀርባ ላይ እንኳ በግልጽ ከታየ ያ ፎቶ በአደባባይ አይወጣም። የልጅን ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤቱን መጠሪያና ፊቱን አንድ ላይ አድርጌ አልለጥፍም፤ ሦስቱ ከተገናኙ ማንም ሰው ልጁን በር ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። ስልኩ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ አብሮ እንዳይመዘግብ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ሎኬሽን የሚለውን አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ በተለይ በቴሌግራም ለሚልኩ ይጠቅማል፦ በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል፤ በፋይል መልክ ሲላክ ጥራቱ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው የቦታና የሰዓት መረጃም አብሮ ይሄዳል። እኔ የወላጆች ብቻ በሆነ ቡድን ውስጥ ነው የማካፍለው፤ አንድ ወላጅ አጥፊልኝ ካለ ምክንያቱን አልጠይቅም።

ወላጆች ሁሉ ግን ቴሌግራም የላቸውም፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለው ቤተሰብም ብዙ ነው። ስለዚህ ከሜዳው ከመውጣቴ በፊት የየቡድኑን ልጆች ዝርዝር ከአሰልጣኙ ጋር እያየሁ ያላነሳሁት ልጅ መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ ያላሸነፈ፣ ተቀይሮ ያልገባና ዓይን አፋር የሆነ ልጅ ሳይነሳ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ነውና። ከዚያም ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ፎቶ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሜ ለመምህሩ አስረክባለሁ። የኅትመቱን ወጪ አንዳንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱ፣ አንዳንድ ጊዜ በመዋጮ ወላጆቹ ይሸፍኑታል፤ ይህንንም ከውድድሩ በፊት ተነጋግሮ መጨረስ ጥሩ ነው። ፎቶው በልጁ እጅ እንጂ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ በሚቀጥለው ውድድር ቀድመው ሮጠው መጥተው ሰላም የሚሉኝና ጨዋታው ሲጀመር ግን ዞር ብለው የማያዩኝ ፎቶአቸው ቤታቸው የደረሰላቸው ልጆች ናቸው።